ኤአይ አሲስታንት ከቢሮ ሶፍትዌር ጋር አገናኝቼ ስምንት ወር፦ ሀጂን የሰባት ዓመት ባለዕዳ አደረገብኝ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የግንባታ ዕቃ ማከፋፈያ አለን፣ ሂሳቡን የምይዘው እኔ ነኝ። ግንቦት ላይ ነው ጅዳ ያለችው እህቴ በካርዷ በወር 20 ዶላር እየከፈለችልኝ አሲስታንቱን ከኢሜሉ፣ ከካላንደሩና ከዱቤ ሺታችን (የዱቤ ሂሳቡን በኮምፒውተር ከምንይዝበት ሠንጠረዥ) ጋር ያገናኘሁት። ኢሜል መመለስ፣ ፋይል መፈለግ ላይ ጥሩ ነው፣ እሱን ትቼ ስለ ቀን አቆጣጠር ላውራ።

ታኅሣሥ ላይ "ዱቤ ያለፈባቸውን ደንበኞች ለይተህ ማስታወሻ ላክላቸው" አልኩት። መጀመሪያ ሳገናኘው "ሁሉንም ፍቀድ" የሚለውን ነክቼ ስለነበር ራሱ ጻፈ ራሱ ላከ፣ ሳላየው። በማግስቱ የሐይቅ ከተማው ሀጂ ደወሉ፣ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ከኛ የሚወስዱ፣ አንድ ቀን እንኳ ዱቤ አሳልፈው የማያውቁ ሰው ናቸው። "ልጄ፣ ሰባት ዓመት ያልከፈልኩት የማንን ገንዘብ ነው? ልጆቹ ካነበቡልኝ ጀምሮ አልተኛሁም፣ ዕዳ ይዤ ብሞትስ?" አሉኝ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። "ሀጂ አብሽሩ፣ ስህተቱ የኛ ነው" አልኩ ግን ምን እንደተፈጠረ ገና አላወቅኩም።

ሺቱን ከፍቼ ሳይ ሀጂ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የወሰዱት 12/02/2018 ነው፣ ማለትም ጥቅምት 12፣ የሦስት ወር ዱቤ፣ ገና ቀኑም አልደረሰም። ሺቱ ግን ወር ቀድሞ ቀን በሚከተልበት በአሜሪካ አቀማመጥ ነው የተከፈተው፣ ስለዚህ ዲሴምበር 2፣ 2018 ብሎ በፈረንጅ ቆጠረው፣ አሲስታንቱም ያንን እንዳለ ወስዶ ሰባት ዓመት አለፈዎት ብሎ ጻፈላቸው። የባሰው ደግሞ 25/02/2018 ተብሎ የተጻፈው ነው፣ በፈረንጅ 25ኛ ወር ስለሌለ ሺቱ እንደ ተራ ጽሑፍ ተወው፣ አሲስታንቱም ሲደምር ዘለለው። ጳጉሜ 3 ብለን 03/13/2017 ያልነውን ማርች አድርጎታል። ማለት ግማሹ ደንበኛ የሰባት ዓመት ባለዕዳ ሆኖ ግማሹ ጭራሽ የለም፣ እኔ ደግሞ ይሄን ሪፖርት ለስንት ወር አምኜ ለአባቴ ሳነብለት ነበር።

ሰዓቱም ያው ነው። "ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ" ብዬ አስገባ ስለው 3፡00 ብሎ በፈረንጅ አስገባው፣ በኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማለት ነው፣ ሹፌራችን ሌሊት 8 ሰዓት ስልኩ ጮኾበት በሀረጎ ቁልቁለት ጉም ውስጥ ወርዶ በር ላይ ቆሞ አነጋ። ያን መንገድ በሌሊት የወረደ ያውቀዋል።

የሚሸጡት ሰዎች "በሁለት ደቂቃ ይገናኛል" ይሉሃል፣ እሱስ እውነት ነው፣ የኤአይ ኩባንያው አንትሮፒክ ኅዳር 2017 ላይ ኤምሲፒ የሚባለውን ኤአይን ከሌላ ሶፍትዌር ጋር የማገናኛ የጋራ ደንብ ካወጣ ወዲህ ማገናኘቱ ቀሏል። ግን ሲገናኝ የሚያልፈው ቁጥሩ ነው፣ ቁጥሩ በማን አቆጣጠር እንደተጻፈ ማን ይነግረዋል? "መመሪያ ጻፍበት" ትሉኝ ይሆናል፣ ጽፌበታለሁ፣ አንዳንዴ ይይዘዋል አንዳንዴ አዲስ ቻት ስትከፍት እንደገና ይስተዋል፣ ገንዘብ ያለበት ነገር ደግሞ አንዳንዴ አይባልም። "በፈረንጅ ጻፉ" የሚል ካለም እኔ አልስማማም፣ በጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሀጂም የሚያውቁት ጥቅምትን ነው፣ በሀገራችን ቀን ለመጻፍ ፈቃድ ልንጠይቅ አይገባም።

አሁን የመላክና የመጻፍ ፈቃዱን ነጥቄዋለሁ፣ ማንበብ ብቻ። ሺቱ ላይ ወሩን በፊደል ነው የምንጽፈው፣ "ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም"፣ ከዛ ወዲህ አልሳተም፣ ሰዓት ላይም "ከቀኑ" "ከሌሊቱ" ብለን ከነፈረንጁ እናስቀምጣለን። ግን ዛሬ የሱቅ ሰው ልግዛ ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ አትግዛ ነው የምለው፣ የሚቀጥለውን ወር ልክፈል አልክፈል ራሴም አልወሰንኩም።

ቅዳሜ መዝገቡን ይዤ ሐይቅ ወረድኩ። ሀጂ ቡና አስፈልተው ጠበቁኝ፣ በጣታቸው መስመር በመስመር አዩት፣ ይቅርታዬንም ተቀበሉኝ። ከዛ ገብተው ገንዘቡን አምጥተው ቀኑ ሳይደርስ ሙሉውን ቆጥረው ሰጡኝ፣ "ካሁን በኋላ በጥሬ ነው የምወስደው ልጄ" አሉ። እስካሁን በዱቤ አልወሰዱም።