የድሮ የበረራ ጌም ላይሰንስ ላስቸገራችሁ፣ አንድ ሁነኛ ልጅ ልጠቁማችሁ

ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ የምታበሩ ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ማይክሮሶፍት በፈረንጆቹ 2006 ያወጣው የአውሮፕላን ማብረር ጌም ነው። እኔ ዛሬም አልጠገብኩትም። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ ትንሿ ሴስና አውሮፕላን ሽቅብ ስትል የምታቃስተው ነገር ራሱ ደስ ይለኛል። ጣጣው የሚመጣው ኮምፒውተር ሲቀየር ነው። እንደገና ኪይ (የላይሰንሱን ኮድ) አስገቡ፣ አክቲቬት አድርጉ (ኮዱን በማይክሮሶፍት በኩል አረጋግጡ) ይላል።

ወንድሜ ከዲሲ የላከልኝ ኦሪጅናል ዲቪዲ አለኝ፤ የኪዩ ጽሑፍ ግን ደብዝዟል። አንድ ሱቅ ብወስደው "ክራክ ልጫንልህና ተገላገል" አለኝ፤ ያለ ኪይ የሚያስከፍተውን ሕገወጥ ፋይል ማለቱ ነው። ቫይረሱን ማን ሊያጸዳልኝ?

መገናኛ ያገኘሁት ልጅ ግን ሌላ ነው። የስልኩን መብራት ከጎን እያበራ ጽሑፉን ፎቶ አነሳና አጉልቶ አንድ በአንድ ለቀመው። ኪዩ 25 ፊደልና ቁጥር ነው። አንዱ ቁርጥ ዜሮ ይመስላል። "ጋሼ፣ በዚያ ዘመን የማይክሮሶፍት ኪይ ውስጥ ዜሮም ኦም የለም። ይሄ ወይ ዲ ነው ወይ ኪው" አለኝ። ለካ የሚምታቱትን አብዛኞቹን ገና ሲሠሩት አውጥተዋቸዋል፤ 5ም ኤስም የሉም። ቢ እና 8 ግን ሁለቱም ስላሉ እነሱ ላይ ብዙ አፈጠጠ። ዜሮ የመሰለው ኪው ሆኖ ተገኘ።

በኢንተርኔት እምቢ ሲል በስልክ አክቲቬት የሚደረግበትን መንገድ ሞከረ። ስክሪኑ ላይ የወጣውን ረጅም ቁጥር ሰጥቶ፣ መልሱን ተቀብሎ አስገባ። ሆነ! አክስለሬሽን የሚባለው ተጨማሪ ዲስክ የራሱ ኪይ ስላለው ከዋናው በኋላ ጫነው።

የማይሆነውን ደግሞ አይሆንም ይላል። ፍላይት ሲሙሌተር 2004ንም ይዤለት ነበር። "ዊንዶውስ 10 የዲስኩን መቆለፊያ የሚያነበውን ድራይቨር፣ ማለትም አጋዥ ፕሮግራም፣ አስወጥቶታል፤ የዚህኛው ችግር ኪይ አይደለም" ብሎ መለሰልኝ። ለዚያ ሳንቲም አልጠየቀኝም። ክፍያውም ሥራው ሳይጀመር የተነጋገርነው ነው፤ መጨረሻ ላይ "ይሄም አለ" የለም።

ልጁ ግን ኪይ ሻጭ አይደለም። ሳጥን ወይም ደረሰኝ ከሌላችሁ አይነካውም፤ በዚህ አትጨቅጭቁት።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ! አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ዲስኩንም ሳጥኑንም ይዛችሁ ሂዱ። ላፕቶፓችሁ ዲቪዲ የማያነብ ከሆነ አትጨነቁ፣ ማንበቢያው እሱ ጋ አለ።